ያውቁ ኖሯል? በቆሎ አጥፊው ተምች የሰው ፕሮቲን ይሠራል!

በሰውነትዎ ውስጥ ከ500 የሚበልጡ የፕሮቲን ካይኔዝ ዓይነቶች እንዳሉ ያውቁ ኖሯል? የሁሉም ሙያ አንድ ነው! ኤቲፒ ከተባለው የሕዋስ ነዳጅ ፎስፌት ቆንጥረው በሌላ ፕሮቲን ላይ ይለጥፋሉ። የተለጠፈበት ወይ ይነቃል፣ ወይ ያንቀላፋል። የሕዋስዎ መከፈል፣ የልብዎ ምት፣ የበሉት እንጀራ ስኳር ጡንቻዎ ውስጥ መግባቱ ሳይቀር በዚህች ልጥፍ ይታዘዛል!

ተመራማሪ የሰው ካይኔዝ ሲያምረው ከሰው አይቀዳም! ብዙ ጊዜ ዘረ መሉን ቫይረስ ላይ ይጭናል፤ ቫይረሱን ወደ ትል ሕዋስ ይሰዳል። የምን ትል? በ2009 ዓ.ም. አገራችን ገብቶ በቆሎ ያወደመው መጤ ተምች! አዎ፣ ያው ራሱ! ገበሬው በእጁ እየለቀመ የሚደፈጥጠው ጉድ በላቦራቶሪ የሰው ፕሮቲን አምራች ነው!

ሕዋሶቹ የተወሰዱት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ፣ ገና ክንፍ ካላወጡ ተምቾች ዕንቁላል ማፍሪያ ነው። ባለቤቶቹ ከሞቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ግድም ሆኗቸዋል፤ ሕዋሶቹ ግን ዛሬም በብልቃጥ ውስጥ ይራባሉ!

ለሽያጭ የሚቀርብ አንድ ብልቃጥ ካይኔዝ ስንት ይመዝናል? ብዙ ጊዜ 10 ማይክሮግራም! የአንዲት የጤፍ ፍሬ ሠላሳኛ እጅ ግድም! ዋጋው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር፣ ማደሪያው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ። ቀልጦ መልሶ ከበረደ፣ ያም ከተደጋገመ፣ ጉልበቱ ያልቃል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ የላቦራቶሪ ሠራተኛው ፊት ቢገረጣ አይፍረዱበት!

ካይኔዙ ከዚያ ሁሉ የሕዋስ ዝባዝንኬ እንዴት ተለይቶ ይወጣል? እጀታ ተቀጥሎለት! ከታወቁት እጀታዎች አንዱ የተገኘው፣ ይመኑኝ፣ ከእስያው የቢልሃርዚያ ትል ነው! ግሉታታዮን በተባለ ንጥረ ነገር በተለበጠ ደቃቅ ዶቃ ላይ ሙጭጭ ይላል፤ የቀረው ሁሉ ታጥቦ ይፈስሳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ትሉን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት ይህንኑ የትል ወገን ሲያሳድዱ ነበር። የአሳዳጁ አገር ጠላት የላቦራቶሪ አሽከር ሆኖ አረፈው!

በዚህ መንገድ የሚፈበረከው ካይኔዝ ብቻ አይደለም! ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በግና ፍየል የሚፈጀውን ደስታ መሰል በሽታ እንደሚመረምር ያውቁ ይሆናል። ለዚህ በሽታ በሰፊው የሚሠራበትን የምርመራ ሰሌዳ ግን ቀረብ ብለው ይዩት! 96 ትናንሽ ጉድጓዶች አሉት። ወለላቸው ላይ የተለጠፈው የቫይረስ ፕሮቲን ከታመመ ፍየል አልመጣም፤ እንደ ካይኔዙ ሁሉ ዘረ መሉ ብቻ ተወስዶ የተፈበረከ ነው! የፍየሏ ሴረም ጠብ ይደረጋል፤ ማቅለሚያው ይከተላል። ጉድጓዱ ቢጫ ከሆነ ከበሽታው ጋር አልተዋወቀችም፤ ቀለም አልባ ከቀረ ወይ ይዟት ያውቃል፣ ወይ ተከትባለች!

ሰበታ ተነሥታ ሜታ ቢራንና እርሾውን ዝም ማለት አይሆንም! የሰው ካይኔዝ በእርሾ ውስጥ ሥራ ሊገባ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? የራሷ ካይኔዝ ተበላሽቶ መከፈል ላቃታት እርሾ የሰው ዘረ መል ተሰጣት። ተከፈለች! ይህ እ.ኤ.አ. በ1987 የታየ ነው። ሰውና እርሾ ከተለያዩ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ካይኔዝ ግን ይዋዋሳሉ! ያቺ እርሾ መጀመሪያ የተለየችው ከምሥራቅ አፍሪካ የእህል ጠላ ነው (የሜታዋ ሌላ ናት፣ እንዳይሳሳቱ)። የሥራው መሪ ፖል ነርስ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦች ጋር ኖቤል ተሸለሙ።

ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ወተትስ? እሱም የካይኔዝ እጅ አለበት! ኬዚን የተባለው የወተት ፕሮቲን ካልሲየም የሚሸከመው ፎስፌት ስለተለጠፈበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የፕሮቲን ካይኔዝ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውም በዚሁ በኬዚን ላይ ነበር። በወተት ኬዚን ላይ ለጣፊው ማን እንደሆነ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2012! ላሟ ምን ቸገራት?

አንድ ካይኔዝ ሲያብድ የደም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ያበደውን አፍ የሚዘጋ ክኒን አለ! ኢማቲኒብ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕሙማን በእርዳታ ፕሮግራም በነፃ ወስደውታል!

ታይሮሲን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ የሚለጥፉት ካይኔዞች እንዴት እንደተገኙ ያውቁ ኖሯል? በስንፍና! እ.ኤ.አ. በ1979 ተመራማሪው ቶኒ ሃንተር አሚኖ አሲዶችን የሚለዩበትን ፈሳሽ አዲስ መበጥበጥ ታክቷቸው የከረመውን ደግመው ተጠቀሙ። የፈሳሹ አሲድነት ተለውጦ ኖሮ፣ በትኩሱ ቢሆን ተደራርበው የሚቀሩት የታይሮሲኑና የሌላ አሚኖ አሲድ ነጠብጣቦች ለየብቻ ወጡ!