ስለ መጃጀትና በቤት ውስጥ ስለሚደረግ ማስታመም

በአገራችን አንድ ሽማግሌ የልጃቸውን ስም ሲረሱ፣ ወይም አንዲት ባልቴት ምሳ በልተው ሳለ «ማን አበላኝ?» ሲሉ፣ ሰው ሁሉ «ጃጁ» ብሎ ያልፋል። ይህ ቃል ሁለት ነገር ይሸፍናል፤ አንደኛው በሽታውን ነው፣ ሁለተኛው የአስታማሚውን ድካም ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሁለቱንም ለመግለጽ እንሞክራለን።

የማስታወስና የማስተዋልን ኃይል የሚያጠፉት ሕመሞች በአንድነት ዲሜንሺያ ይባላሉ። ከእነርሱም ዋነኛው፣ ማለት ከመቶ 60 እስከ 70 የሚሆነው፣ አልዛይመር ነው፤ ስሙንም ያገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ስለ በሽታው ከገለጸው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 በዲሜንሺያ የታመሙት 57 ሚሊዮን ሰዎች ሲሆኑ፣ ከመቶ 60 የሚበልጡት የሚኖሩት መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

አልዛይመር ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያጠቃው አዲስ ነገር የሚያዝበትን የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ በልጅነታቸው ያጠኑትን ዳዊት በቃላቸው የሚደግሙ አባት የዛሬውን ቁርሳቸውን አያስታውሱም። ይህን ያላወቀ ቤተ ሰብ «አውቀው ነው» ብሎ ይቆጣል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስና የመንፈስ ጭንቀት ይህን በሽታ ሊመስሉ ይችላሉ፤ እነዚህም ይታከማሉ። አልዛይመርን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ግን እስካሁን ስላልተገኘ ዋናው ሥራ በቤት ይቀራል።

በቤትም ከሁሉ የሚበልጠው አለመከራከር ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ እናት ነጠላቸውን ለብሰው «ወደ ቤቴ ልሂድ» ቢሉ፣ «ቤትዎ ይኸው አይደለም እንዴ!» ማለት ፍርሃታቸውን ያብሳል። ይልቁንስ መብራቱን ቀደም ብሎ አብርቶ፣ «ቡናው እስኪፈላ ስለ ቤትዎ ያጫውቱን» ቢሏቸው ብዙ ጊዜ ይረጋጋሉ። ምግቡ፣ መታጠቡና መኝታው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ቢሆን ይረዳቸዋል። የከሰል ምድጃ አጠገባቸው አይተው፤ መድኃኒት ይቆለፍ፤ የግቢው በር ይጠበቅ። ሲበሉም ቀና ብለው ይቀመጡ፤ ጉርሻውም ትንሽ ይሁን።

የአስታማሚው ነገር ግን ከዚህ ይከብዳል። ይኸው ድርጅት እንደገለጸው ለእነዚህ ሕመምተኞች ከሚደረገው እንክብካቤ ከመቶ 70 የሚሆነውን ሰዓት የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። በየቤታችንም እንደምናየው ሸክሙ በአንዲት ልጅ ወይም በአንዲት ምራት ላይ ይወድቃል። ሌሊት አራት ጊዜ ተነሥታ ማለዳ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ዘመድ እሑድ ይመጣል፣ «ተባረኪ» ይላል፣ ቡና ጠጥቶ ይመለሳል። ምርቃት መልካም ነው፤ ነገር ግን እንቅልፍ አይሆንም።

እድራችን አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ለሞት ነው፤ ድንኳኑም ወንበሩም ያን ቀን ይመጣል። ይህ ሕመም ግን ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ዘመድ ሁሉ ተራ ቢገባ፣ በሳምንት አንዲት ሌሊት እንኳ አስታማሚዋን ቢያሳርፍ፣ ከብዙ ምርቃት ይበልጣል። እኛም ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንሄድ እንደ እንግዳ ከመቀመጥ የመጀመሪያውን ተራ መውሰድ የሚገባን ይመስለናል።