ፊደል ያልቆጠሩ የጤና ሠራተኞች

ስለ እናቶችና ሕፃናት አመጋገብ በየመንደሩ የሚያስተምር ሠራተኛ ሊሠለጥን ሲታሰብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ማንበብና መጻፍ ይችላል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መልሱ ሁሉን ነገር አይወስንም። ለዚህም የጎረቤታችን የሱዳን ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ከካርቱም ማዶ፣ በናይል ምዕራባዊ ዳርቻ በምትገኘው በኦምዱርማን እ.ኤ.አ. በ1921 የአዋላጆች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ያቋቋሙት ወይዘሪት ሜብል ዎልፍ የተባሉ እንግሊዛዊት አዋላጅ ነበሩ። ከሠልጣኞቹ ብዙዎቹ ፊደል ያልቆጠሩ ሴቶች ነበሩ። ታዲያ መድኃኒቱን ከመድኃኒት በምን ይለዩት? በመልኩና በጠረኑ እንዲለዩት ተደረገ። ማኅፀንም የሚጠራው በሐኪሞች ቋንቋ ሳይሆን ሕዝቡ እንደሚለው «የልደት ቤት» ተብሎ ነበር። ብልህ አስተማሪ ማለት እንዲህ ነው።

በዛሬው የአመጋገብ ሥልጠናም ይኸው ብልሃት ይታያል። ሠልጣኟ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለውን ሕፃን የግራ ክንዱን መካከል በጥብጣብ ትለካለች። 12.5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ አረንጓዴ፣ ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከ11.5 በታች ቀይ ነው። ቀይ ከሆነ ሕፃኑ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና መሄድ አለበት። ሁለቱም እግሮቹ አብጠው በጣት ሲጫኑ ጉድጓድ የሚቀርባቸው ከሆነ ግን፣ ክንዱ አረንጓዴ ቢያሳይም አደጋ ላይ ነው። ይህን እናት ራሷ ልትማረው ትችላለች።

ከልኬቱ ይልቅ የሚከብደው ምክሩ ነው። ሕፃን እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በቀር ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በካርቱም ይህን ለአያት ማስረዳት እንዴት ያለ ትግል እንደሆነ መገመት አያዳግትም። «ልጁ ተጠማ!» ትላለች፤ ክፋት የለባትም። ሠልጣኟ የጡት ወተት አብዛኛው ክፍሉ ውኃ መሆኑን፣ ንጹሕ ያልሆነ ውኃ ግን ተቅማጥ እንደሚያመጣ በትዕግሥት ልታስረዳት ይገባል። ከ6 ወር በኋላ ደግሞ ችግሩ የቀጠነ የማሽላ ገንፎ ነው፤ የሕፃኑን ትንሽ ሆድ ይሞላል እንጂ አይገነባውም። ወፈር ብሎ ኦቾሎኒ ወይም ባቄላ፣ ጥቂትም ዘይት ሊገባበት ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሆስፒታሎች ተዘጉ። የሰፈር በጎ ፈቃደኞችም የጋራ ማእድ ቤት ከፍተው ለተራበው ምግብ አደሉ።

የባዮሎጂ መምህራን ተማሪዎቻቸው ከጠንካራ ወረቀት ባለ ሦስት ቀለም ጥብጣብ ሠርተው የታናናሾቻቸውን ክንድ እንዲለኩ ቢያደርጉ መልካም ነው። ቀይ ያገኘ ተማሪ ለወላጆቹ ይንገር፤ የመጨረሻው ምርመራ ግን የጤና ጣቢያው ነው።