የ15 ቀኗ ወረቀት

ለአበባ እርሻ፣ ለአትክልት ማሳ ወይም ለሰሊጥ አጨዳ የተቀጠረ ሰው ሁሉ ሊይዛት የሚገባ አንዲት ወረቀት አለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው፣ የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የአሠሪው ስምና አድራሻ፣ የሠራተኛው ስምና ዕድሜ፣ የሥራው ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙ ልክ፣ አከፋፈሉ፣ ውሉ የሚቆይበት ጊዜ ይሰፍርባታል። ይኸው ነው። ሰውን በጉልበቱ ከመታሰር ለማዳን ከዚህች የረከሰ መሣሪያ አላውቅም፤ እንደ እሷ የተናቀም አላየሁም።

ባርነት ክልክል ለመሆኑ ክርክር የለም። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሽሯል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ባርነትንም የግዳጅ ሥራንም ይከለክላል፤ በሰው መነገድን አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ይቀጣል።

ችግሩ ያለው «በፈቃዱ ነው የሄደው» በምትለው አባባል ላይ ነው። በመርጡለ ማርያም፣ በሞጣና በቢቸና ይህችን አባባል ከሽማግሌም ከባለሥልጣንም ሰምቻታለሁ፤ በሰማኋት ቁጥርም ታናድደኛለች። ልጁ ማንም ሳይጎትተው ከመናኸሪያ አውቶቡስ ስለተሳፈረ ብቻ ከዚያ በኋላ የሚደርስበት ሁሉ የራሱ ምርጫ ይመስላቸዋል።

ነገሩ ግን እንዲህ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ደላላ ይመጣል። በመተማ በኩል የሰሊጥ አረም አለ፣ ወይም ወደ ሸዋ የአበባ እርሻ ሰው ይፈልጋል ይላል። የቀን ክፍያውን ከፍ አድርጎ ይጠራል፤ የመሳፈሪያውን ገንዘብም ራሱ ይከፍላል። ልጁ ገና ሥራ ሳይጀምር ባለዕዳ ሆነ ማለት ነው። ካምፕ ሲደርስ ምግቡ፣ የሚተኛበት ሸራ፣ ወባ ሲይዘው የሚውጠው መድኃኒት ሁሉ በደብተር ይጻፍበታል። መታወቂያውን «እኔ ላስቀምጥልህ» ብለው ይወስዱበታል። ደመወዙ «ሥራው ሲያልቅ በአንድ ላይ» ይባላል። ልሂድ ሲል ደብተሩ ይከፈታል፦ ዕዳህን ክፈል፣ ያለበለዚያ የሠራህበትም የለም። በር ላይ ዘበኛ ማቆም አያስፈልግም፤ ደብተሩ ዘበኛ ነው።

ከእንዲህ ያለ ቦታ ተመልሶ የመጣ የሞጣ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ማንም አልመታኝም፤ ግን መውጣት አልቻልኩም» ብሎኛል። ዓለም አቀፍ ሕግ የሚያየውም ይህንኑ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1930 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 29 መሠረት፣ ሰው ሳይፈቅድ በቅጣት ማስፈራሪያ የሚሠራው ሥራ ሁሉ የግዳጅ ሥራ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝን የማጣት ስጋት ራሱ ቅጣት ነው። በሰው መነገድን የሚከለክለው እ.ኤ.አ. የ2000ው የፓሌርሞ ፕሮቶኮልም በማታለል የተገኘን ፈቃድ እንደ ፈቃድ አይቆጥርም። የሥራ ድርጅቱ የግዳጅ ሥራ ምልክቶች ብሎ ከዘረዘራቸው 11 ነገሮች መካከል ማታለል፣ የደመወዝ መያዝ፣ የመታወቂያ መያዝና የዕዳ እስራት ይገኛሉ፤ አራቱም ከላይ ባልኩት መንገድ ላይ ተሰልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 27.6 ሚሊዮን ሰው በግዳጅ ሥራ ውስጥ እንደነበር ተገምቷል፤ አብዛኛው የብረት ሰንሰለት አይቶ አያውቅም።

ወረቀቷ ደብተሩን የምትረታው በዚህ ነው። ደመወዙና የሚከፈልበት ቀን አስቀድሞ ከተጻፈ «በአንድ ላይ» የሚባል ነገር የለም። ከደመወዝ ለመቀነስ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ሥራ አገናኝ ኤጀንሲም ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ገንዘብ መቀበል አይችልም። አሠሪው ወረቀቷን ባይሰጥ እንኳ ሠራተኛው መብቱን አያጣም፤ ማስረጃ ማቅረቡ ግን ይከብደዋል።

አንዲት እናት «ልጄ፣ ወረቀት ምን ያደርጋል? ሰው በቃሉ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው የሚያውቁት ቃል ግን ዋስና ምስክር አለው። እርሻ ሲያጋሩ፣ በሬ ሲሸጡ ሽማግሌ ይቀመጣል። ከደላላው ጋር የተነገረው ቃል ዋሱ ማን ነው? በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለውም ያው ያገራቸው ሰው ነው።

ወጣቶችንም ልቆጣ። ወረቀቷን ሳታነቡ ኪስ አትክተቱ። በተቀበላችሁ በ15 ቀን ውስጥ ካልተቃወማችሁ የተጻፈው ውል ሆኖ ይጸናል። ማንበብ ያቃተው ለሚያምነው ሰው ያስነብብ።

አበባና አትክልት ወደ ውጭ የሚልኩ ድርጅቶች ለሥነ ምግባር ደንብ እንግዳ አይደሉም። የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራች ላኪዎች ማኅበር ነሐስ፣ ብርና ወርቅ ደረጃ ያለው ደንብ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የብሪታንያ የዘመናዊ ባርነት ሕግም በዓመት 36 ሚሊዮን ፓውንድና ከዚያ በላይ ገቢ ያለው ድርጅት በራሱ ሥራና በአቅራቢዎቹ ዘንድ ባርነት እንዳይኖር ያደረገውን በየዓመቱ እንዲገልጽ ያስገድዳል። ግን ከእርሻው በር ወዲህ ብቻ ያለውን የሚያይ ተቆጣጣሪ የሠራተኛውን መንገድ ግማሹን አላየም። ጓንትና መጸዳጃ ቤት ከቆጠረ በኋላ ሠራተኛውን ለብቻው ይዞ፣ አለቃው በማይሰማበት፣ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ማን አመጣህ? ለማን ስንት ከፈልክ ወይም ስንት አለብህ? ወረቀትህ የታለች?

«ሠራተኛ የሚያመጣው ደላላው ነው፤ እሱን ጠይቁ» የሚል ሥራ አስኪያጅም ዘር ሲገዛ ከማን እንደተገዛ በፋይል ያስቀምጣል። ለሰውም ያንኑ ያድርግ፦ የአምጪውን ክፍያ ድርጅቱ ራሱ ይሸፍን፣ መታወቂያ በባለቤቱ እጅ ይቆይ፣ ወረቀቷም በመጀመሪያው የሥራ ቀን ትሰጥ። 15 ቀን የመጨረሻው ገደብ እንጂ ቀጠሮ አይደለም።