የባህርይ ምጣኔ ሀብት ሙከራ እንዴት ይነደፋል?

የባህርይ ምጣኔ ሀብት ሰዎች ስለ ገንዘብ፣ ስለ ንብረትና ስለ ጊዜ በተግባር እንዴት እንደሚወስኑ የሚያጠና የዕውቀት ዘርፍ ነው። ዋነኛ መሣሪያው ሙከራ ሲሆን፣ የሙከራው ጥራት የሚለየው ገና መረጃው ሳይሰበሰብ፣ በንድፉ ነው። ንድፉ የተበላሸን ሙከራ የትኛውም ስሌት አያቃናውም። ስለዚህ የዚህ ሙያ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለማመደው፣ ለአንድ ውጤት ሊሰጡ የሚችሉ ተፎካካሪ ምክንያቶችን አስቀድሞ ማሰብና መንገዳቸውን አንድ በአንድ መዝጋት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ጥያቄን በማጥበብ ነው። «ሰዎች ንብረታቸውን ይወዳሉ ወይ?» የሚለው ጥያቄ በሙከራ አይፈተንም። «አንድ ዕቃ የራስ መሆኑ ብቻ በባለቤቱ ዘንድ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል ወይ?» የሚለው ግን ይፈተናል። ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ኔችና ሪቻርድ ታለር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት የጠየቁት ይህንኑ ነበር። በካናዳው ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ 77 ተማሪዎች በዕጣ በሦስት ቡድን ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ የቡና ኩባያ ተሰጥቷቸው በስንት እንደሚሸጡት ተጠየቁ። ሁለተኛዎቹ ኩባያውን በስንት እንደሚገዙ ተናገሩ። ሦስተኛዎቹ ኩባያም አልተሰጣቸው፣ ክፍያም አልተጠየቁ፤ በቀረበላቸው በእያንዳንዱ ዋጋ ኩባያውን ወይም ገንዘቡን ብቻ መረጡ። መልሶቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የዋለው ዋጋ ለሻጮቹ 7.12፣ ለገዢዎቹ 2.87፣ ለመራጮቹ 3.12 ዶላር ሆነ።

የንድፉ ጥበብ ያለው በሦስተኛው ቡድን ላይ ነው። ሻጭና ገዢ ብቻ ቢነጻጸሩ ኖሮ፣ ገዢዎቹ ዋጋ ያሳነሱት ከኪሳቸው ማውጣት ስለከበዳቸው ነው ማለት ይቻል ነበር። መራጮቹ ግን ልክ እንደ ሻጮቹ ወይ ኩባያ ወይ ገንዘብ ይዘው ይወጣሉ እንጂ ከኪሳቸው አይከፍሉም። ሁለቱን የሚለያቸው ኩባያው አስቀድሞ በእጅ መግባቱ ብቻ ነው። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በተደረገው ሌላው የጥናቱ ክፍል ደግሞ ተማሪዎቹ ከኩባያው በፊት አጥኚዎቹ ዋጋ የተመኑላቸውን ምልክቶች ተገበያዩ፤ ይህ ዘዴ ቨርነን ስሚዝ ያዳበረው ነው። የምልክቱ ግብይት የምጣኔ ሀብት ቲዎሪ እንደሚተነብየው ሄደ፤ የኩባያው ግን ከተጠበቀው እጅግ ያነሰ ሆነ። ስለዚህ «ተማሪዎቹ የገበያውን ሕግ ስላልተረዱ ነው» የሚለው ማብራሪያም መንገዱ ተዘጋ።

ከቡድን አከፋፈል ቀጥሎ የሚመጣው ማበረታቻ ነው። በምጣኔ ሀብት ሙከራ የተሳታፊው ውሳኔ እውነተኛ ገንዘብ ያስገኝለታል ወይም ያሳጣዋል፤ ያለዚያ መልሱ ወግ ብቻ ይሆናል። አከፋፈሉም እውነቱን መናገር የሚያዋጣ ሆኖ መነደፍ አለበት። ቤከር፣ ደግሩትና ማርሻክ እ.ኤ.አ. በ1964 ባቀረቡት ዘዴ የመሸጫው ዋጋ በዕጣ ይወጣል፤ ዕጣው ሻጩ ከጠራው ካላነሰ ዕቃው በዕጣው ዋጋ ይሸጣል። የሻጩ መልስ ዋጋውን ስለማይለውጠው፣ አጋንኖም ሆነ አሳንሶ መጥራት ምንም አይጠቅመውም። ከዚህ ጋር አንድ ጥብቅ ልማድ አለ፦ ተሳታፊን ማታለል ክልክል ነው። አንዴ የተታለለ ሰው በሚቀጥለው ሙከራ የተነገረውን የክፍያ ሕግ አያምንም፤ ያላመነው ሕግ ደግሞ ውሳኔውን አይመራውም።

ከቤተ ሙከራ ውጭም መርሁ ያው ነው። ኡሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲቺኒ በእስራኤሏ ሃይፋ ከተማ በ10 የሕፃናት ማቆያዎች ያደረጉት ሙከራ 20 ሳምንት ፈጀ። በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ልጃቸውን ለመውሰድ የሚዘገዩ ወላጆች ተቆጠሩ እንጂ ምንም አልተለወጠም። ከዚያ በዕጣ በተመረጡ 6 ማቆያዎች ከ10 ደቂቃ በላይ ለዘገየ ወላጅ የ10 ሸቀል ቅጣት ተጣለ። የዘገዩት ቁጥር ከመቀነስ ይልቅ ጨመረ፤ ቅጣቱ ከተነሣ በኋላም ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ቅጣት ያልነካቸው 4 ማቆያዎች ባይኖሩ ለውጡን በወቅቱ ማሳበብ ይቻል ነበር። በኢትዮጵያ በዶባ ወረዳ በተደረገ ጥናት ደግሞ አንዳንድ ገበሬዎች እንደነሱ ካለ ኑሮ ተነሥተው የተሳካላቸውን ሰዎች ታሪክ በፊልም ተመለከቱ። ሌሎች የመዝናኛ ፊልም ብቻ አዩ፤ የቀሩት ምንም አላዩም። የመዝናኛው ቡድን ያስፈለገው ፊልም የማየትን ደስታ ከታሪኩ መልእክት ለመለየት ነው።

የተሳታፊው ብዛት የሚታሰበውም ቀድሞ ነው። የተለመደው መስፈርት፣ የተገመተው ልዩነት በእርግጥ ካለ ሙከራው ከመቶ 80 ዕድል እንዲያገኘው ነው። በዚህ ላይ ጀማሪ በቀላሉ የሚሳሳተው በመቁጠር ነው፤ በሃይፋ ዕጣው የወጣው በማቆያዎቹ ላይ ስለሆነ፣ የወላጆቹ ብዛት ምንም ያህል ቢሆን በዕጣ የተመደቡት 10 ብቻ ናቸው። ከዚያ መመሪያው በጥቂት ሰዎች ላይ ይሞከራል፤ መላምቱና የትንተናው ዕቅድም መረጃ ሳይሰበሰብ ይመዘገባል። የአሜሪካ የምጣኔ ሀብት ማኅበር ለዚህ የሚሆን መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2013 ከፍቷል። ምዝገባው አጥኚው ውጤቱን ካየ በኋላ ጥያቄውን እንዳይቀይር ያግደዋል።

የመጨረሻው ፈተና መደገም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት 18 የቤተ ሙከራ ጥናቶች ተደግመው የመጀመሪያው ውጤት የተገኘው በ11ዱ ነው። የኩባያው ሙከራም ተፈትኗል። ቻርለስ ፕሎትና ካትሪን ዘይለር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ሥራ ተሳታፊዎች ስለ ዋጋ አጠራሩ ሰፊ ሥልጠናና ልምምድ አግኝተው፣ ማንነታቸው ሳይታወቅ ሲወስኑ በሻጭና በገዢ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ። ልዩነቱ ከባለቤትነት ይምጣ ከአጠያየቅ የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ ቀጥሏል። ለዚህም ነው የሙከራ ዘገባ ለተሳታፊው የተነበበለትን መመሪያ በሙሉ የሚያያይዘው፤ ሌላ አጥኚ አንዷን ነገር ብቻ ቀይሮ ሊደግመው የሚችለው ያኔ ነው።