ቅዱስ ላሊበላ ያልሠራው ጣሪያ

ኩልመስክ አካባቢ የሣር ቤት ያለው ሰው ክዳን ዕድሜ እንዳለው ያውቃል። ክረምት ሳይገባ ጣሪያው ይታያል፤ የበሰበሰው ይወርዳል፣ የሳሳው ይደረባል። ያው ሰው ለልደት ላሊበላ ሲሳለም ግን ክዳኑ የማይቀየር ቤት ያገኛል፤ ግድግዳውም ዓምዱም ጣሪያውም አንድ አለት ነው። ዛሬ ቤተ መድኃኔ ዓለም ደርሶ ቀና ሲል ግን ከአለቱ በፊት ዓይኑ የሚያርፈው በብረት እግሮች ላይ የተዘረጋ ሰፊ ነጭ ጣሪያ ላይ ነው። የከተማው ሰው «መጠለያው» ይለዋል።

መጠለያዎቹ አራት ሲሆኑ አምስት አብያተ ክርስቲያናትን ይሸፍናሉ፤ ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ መስቀልን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን። ቤተ መስቀል በቤተ ማርያም ግቢ ሰሜናዊ ግድግዳ የተፈለፈለ ስለሆነ ሁለቱ አንድ ጥላ ይጋራሉ። ንድፉ ቴፕሪን የተባለው የጣሊያን ድርጅት፣ ገንዘቡ የአውሮፓ ኅብረት ነው፤ ግንባታው በ2000 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። ያኔ የተባለው ለጊዜው ነው፤ አለቱ እስኪታከም ዝናብ ይከላከል።

ዝናብ አለትን ምን ያደርገዋል የሚል ካለ የዋልካ መሬትን ያስብ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል። የላሊበላ አለት እሳተ ገሞራ የወለደው፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ ለጠራቢ የሚመች ቀይ ድንጋይ ነው። ለመፈልፈል ያመቸው ያው ልስላሴ ውኃም ይጋብዛል። በውስጡ ያለው ሸክላማ ነገር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ስንጥቁ ይሰፋል፣ ፊቱ እየተቀረፈ ይወድቃል። ከሁሉም የሚጎዳው ጠፍጣፋው ጣሪያ ነው፤ ውኃ የሚተኛው እዚያ ነዋ። ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ወርዱ 23 ሜትር ከፍ ይላል። ይህን የሚያህል ገበታ ካልተጠለለ ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ ዝናብ ይቀበላል ማለት ነው።

መፍትሔ ፍለጋው ከመጠለያው ይቀድማል፤ እኔን የሚገርመኝም ይኸው ታሪክ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጣሪያዎቹ ሬንጅ ተቀቡ። ሬንጅ ከላይ የሚመጣውን ውኃ ይመልሳል፤ በስንጥቅ ሾልኮ የገባውን ግን አፍኖ ያስቀረዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ጥገናውን ሲመሩ አንዱ ሥራቸው ያንን ቅብ ማስፋቅ ነበር። ከዚያ ደግሞ የእንጨት ርብራብና ቆርቆሮ መጣ። ላሊበላ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆኖ ሲገባ ዓለም ያደነቀው አለቱን ነው፤ በኋላ የመጣ ጎብኚ ግን አለቱን በቆርቆሮና በርብራብ መካከል አሾልኮ ማየት ነበረበት። የ2000ው ብረት የተተከለው ከዚያ ርብራብ ሊገላግል ነው። እያንዳንዱ ክዳን የቀድሞውን ጥፋት ሊያርም ይመጣል፣ የራሱን ይዞ።

ነዋሪውና ካህናቱ ይህን ለማየት የላቦራቶሪ ውጤት አልጠበቁም። ከባዱ ብረት የቆመው በዚያው ቀዳዳማ አለት ላይ ነው። የላስታ ነፋስ ሲነሣ ጣሪያውን እንደ ሸራ ይይዘዋል፤ ንቅናቄውም በእግሮቹ ወርዶ አለቱ ዘንድ ይደርሳል። አንዱ እግር ቢከዳ ከሥሩ ያለው ቤተ መቅደስ ነው፣ በልደት ሌሊት ደግሞ ሕዝብ። ሌላው ስጋት ጠለቅ ያለ ነው፤ ሁልጊዜ ተጠልሎ የኖረው ክፍል ከልክ በላይ ደርቆ፣ ከጥላው ውጭ ያለው እየራሰ፣ አንዱ አለት ሁለት ጠባይ ያወጣል። ዋልካውን ያስታወሰ ይህ አይከብደውም።

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማው ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ መጠለያው ይነሣ፣ አለቱ ይጠገን አለ። ለጊዜው የተባለው ጣሪያ አሥር ዓመት አልፎት ነበር። መጋቢት 3 ቀን 2011 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ላሊበላ ተገኝተው አገራቸው እንደምትረዳ ተናገሩ፤ ጥናቱም ተጀመረ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ግን የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ድረስ ዘለቀ፤ ያኔ ስለ ጣሪያ የሚያስብ ማን ነበር?

«ቤተ ጊዮርጊስስ ለምን አልተሸፈነም?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ አይጠፋም። ደግ አድርጎ ጠየቀ። የጣሪያው መስቀል ውበት ብቻ አይደለም፤ ውኃው የሚሄድበት አሸንዳ አለው፤ አለቱም የተሻለ ነው። መጠለያ ሳይሠራላቸው የታከሙም አሉ። የዓለም ቅርሶች ፈንድ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልንና ቤተ ጎልጎታ ሚካኤልን ሲያስጠግን ጣሪያው ላይ የሠሩት ሥራውን በዚያው የተማሩ የአካባቢው ልጆች ናቸው። ስንጥቅ መድፈን፣ ውኃ ማስወረጃውን መጥረግ፣ በየዓመቱ ተመልሶ ማየት። እንግዲህ ይህ የሣር ቤት ጠባይ ነው፤ የኩልመስኩ ሰውዬ ሥራ።

መጠለያውን ማንሣት ግን ከመትከሉ አይቀልም። ከቤተ ማርያም በላይ የተንጠለጠለውን ብረት ቁራጭ በቁራጭ ሲያወርዱ አንዲቱም ልትወድቅ አይገባም፤ ከባድ ክሬን እንዳይገባ መሬቱ ራሱ ከውስጡ የተፈለፈለ ነው። ደግሞም ብረቱ ከመነሣቱ በፊት ከሥሩ ያለው ጣሪያ አንድ ሙሉ ክረምት ብቻውን እንዲችል ሆኖ መጠገን አለበት። ጥገናው የሚሠራው ደግሞ በበጋ ነው፤ ከመስቀል ወዲህ፣ ሰኔ ሳይመጣ፣ በመካከሉ ልደትና ጥምቀት ሲሆን ግቢውን ለተሳላሚው እየለቀቁ።