ማንም ከደጅ እንዳይቀር
ለወጣቶች የተራራ ጉዞ ስለሚሰጥ የበጎ አድራጎት ገንዘብ

በጎ አድራጎት በተባለ ጊዜ የነጋዴው አሳብ ቶሎ ብሎ የሚሄደው ለተራበ እህል፣ ለታረዘ ልብስ፣ ለታመመ መድኃኒት ወደ መስጠት ነው። ይህም የተቀደሰ አሳብ ነው። ነገር ግን እኔ በጸሐፊነት ወደምሠራበት የንግድ ቤት ከሚገቡት የእርዳታ መጠየቂያ ደብዳቤዎች መካከል ስለ ወጣቶች የተራራ ጉዞ የሚናገሩም ይገኛሉ። ብዙ ሰው እነዚህን «የጨዋታ ወጪ ነው» ብሎ ወደ ጎን ያኖራቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ወጪው ምን እንደ ሆነና እንዴት ሊሰጥ እንደሚገባ ለክቡራን አንባቢያን ማስረዳት ነው።

ለልጆች ጨዋታ መስጠት ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ከተማችን ስሙን በያዘችው በደብረ ታቦር በዓል፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ለሚመጡት ልጆች ሙልሙል የማይሰጥ ቤት የለም። ሙልሙሉም የሚሰጠው ለጭፍራው ሁሉ ነውና አንዱ በልቶ ሌላው አይቀርም። የተራራው ጉዞ ግን እንዲህ ሳይሆን ይቀራል።

በተማሪነቴ ጊዜ የክፍላችን ልጆች ወደ ጉና ለመውጣት ገንዘብ አዋጥተን መኪና ተከራየን። እግሩን ፖሊዮ የጎዳው አንድ ጓደኛችንም እንደ ሁላችን ድርሻውን ከፍሎ ነበር። በጉዞው ማለዳ ግን በትምህርት ቤቱ ደጅ «አንተ ብትቀር ይሻላል» ተባለና ገንዘቡ ተመለሰለት። ማታ ስንመለስ ስለ ጅብራውና ስለ ብርዱ ሲጠይቀን አፍረን አጭር መልስ ሰጠነው። ያደረግነው በክፋት አልነበረም። የጎደለው አንዲት በቅሎና ሁለት ደጋፊ ሰው ነበር፤ ይህንንም ሒሳቡን ስንሠራ ያሰበው አልነበረም።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ተቀብላለች። የስምምነቱ 30ኛ አንቀጽ አካል ጉዳተኛ ልጆች በጨዋታ፣ በመዝናኛና በስፖርት ከሌሎች ልጆች ጋር እኩል እንዲካፈሉ ያዝዛል። እንግዲህ ልጁን ይዞ መውጣት የችሮታ ብቻ ሳይሆን የመብትም ጉዳይ ነው።

ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና የሚወርዱበት ተራራ ነው። ደብረ ታቦር ራሷ 2,700 ሜትር ግድም ላይ ስለምትገኝ ልጆቻችን ደጋ የለመዱ ናቸው፤ ቢሆንም ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የያዘው ሰው ቶሎ ወደ ታች መውረድ አለበት። ዝናብ የማይኖርበት የበጋ ወራት ይመረጣል። መራመድ ለማይችል ልጅ ገራም በቅሎ፣ መደገፊያ የተሠራለት ኮርቻና ግራና ቀኝ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ። የአካሉ ስሜት የተቋረጠ ልጅ ብርዱም የኮርቻው መፋቅም ስለማይታወቀው፣ ወፍራም ምንጣፍና በየጊዜው ወርዶ መታየት የግድ ነው። ዓይነ ስውር የሆነው የመሪውን ዱላ ጫፍ ይዞ ይራመዳል፤ መስማት ለተሳነው የእጅ ምልክት አስቀድሞ መስማማት ይበቃል።

በውጭ አገርም የተገኘው መፍትሔ ከዚህ የራቀ አይደለም። በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1987 ዦኤል ክሎዴል የተባለ የተራራ መሪ፣ በጡንቻ ሕመም ለተያዘ የዘመዱ ልጅ፣ ከሥሩ አንድ ጎማ ያለው፣ ከፊትና ከኋላ ሰው የሚይዘው ወንበር ሠራ። የእኛ ቃሬዛ ጎማ ተጨመረለት ማለት ነው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተሠራውንና ወደ 7 ቶን የሚገመተውን ሴባስቶፖልን መንገድ እያስጠረጉ እስከ መቅደላ ካስጎተቱ፣ የዚህ አገር ሰው አንድ ልጅ ጉና ማውጣት ያቅተዋል ሊባል አይችልም።

ነጋዴም በዚህ ሥራ ቀድሞ ተገኝቷል። በዌልስ አገር በአበርዶቪ እ.ኤ.አ. በ1941 «አውትዋርድ ባውንድ» የተባለው ትምህርት ቤት ሲቋቋም፣ ከአስተማሪው ከኩርት ሃን ጋር የተባበረው የመርከብ ድርጅት ባለቤት የሆነው ሎረንስ ሆልት ነበር። ወጣት መርከበኞች በአደጋ ጊዜ ራሳቸውን እንዲያድኑ ጽናትን ይማሩ ዘንድ አስቦ ነው። በራሱ የሚተማመን ወጣት ለንግድ ሥራም ሀብት ነውና።

ስለ አሰጣጡ ሦስት ነገሮችን ማስታወስ ይበቃል። አንደኛ፣ ጠያቂው ማኅበር በሕግ የተመዘገበ መሆኑን ማረጋገጥ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅቶች የተሰጠ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ ከመቶ 10 ድረስ እንዲቀነስ ፈቅዷል፤ አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለ ተሻሻለ ግን አስቀድሞ የሒሳብ አዋቂን መጠየቅና ደረሰኙን መያዝ ይገባል። ሁለተኛ፣ የበቅሎው፣ የደጋፊዎቹና የመጀመሪያ እርዳታው ዋጋ በዕቅዱ ውስጥ ለብቻው ተጽፎ እንዲቀርብ ማድረግ፤ ያልተጻፈ ወጪ ገንዘብ ሲያንስ መጀመሪያ የሚቀር ነውና። ሦስተኛ፣ አንድ ጊዜ ብዙ ሰጥቶ ከመተው ይልቅ በየዓመቱ ጥቂት መስጠት፤ የተሠራ ኮርቻና የለመደ በቅሎ ነጂ ለሚመጡት ዓመታትም ያገለግላሉና።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በደረሰው ግጭት ምክንያት፣ የመንገዱ ሰላም ሳይረጋገጥና የሚመለከታቸው ሳይፈቅዱ ወጣቶችን ይዞ መውጣት አይገባም። እስከዚያው ለከተማው ቅርብ በሆነው በጋፋት መለማመድ ይቻላል።

እንግዲህ ስለ ወጣቶች ጉዞ ደብዳቤ በጠረጴዛችሁ ላይ ባገኛችሁ ጊዜ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «መራመድ የማይችለው ልጅ በምን ይወጣል?» መልሱ በዕቅዱ ውስጥ ከሌለ ደብዳቤውን አትጣሉት፤ መልሱን ጨምራችሁ ፈርሙለት።