መኪና አጥቦ በሰም ማስዋብ፤ ትርፉ በምን ይለካል?

መኪና አጥቦ ማሳመር በብዙ ከተሞች የወጣት ወንዶች ሥራ ሆኖ ይታያል። ይሁን እንጂ ባልዲ መሸከም፣ ጨርቅ መጭመቅ፣ እድፍ ማስለቀቅና ወልውሎ ማሳመር በየቤቱ የማን ሥራ ሆኖ እንደኖረ እርስዎም ያውቁታል። በጓዳ ያለ ደመወዝ ሲሠራ የኖረው ሙያ በመንገድ ዳር ገንዘብ የሚያስገኝ ከሆነ፣ እህቶቻችን ከዚህ ሥራ የሚርቁበት ምክንያት የለም። ነገር ግን መኪናው ስላማረ ብቻ ሥራው አትርፏል ማለት አይደለም። ዛሬ ስለ አንድ የሥራው መሣሪያ፣ ማጽጃና ሰም በአንድ ላይ ስለተቀመመበት ቅባትና ስለ ሒሳቡ እንነጋገራለን።

ሺሺንዳን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በከፋ ዞን የምትገኘው ይህች ከተማ ከጅማ በቦንጋ አድርጎ ወደ ሚዛን አማን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናት። አገሩ የቡናና የማር አገር ነው፤ ዝናብም አይርቀውም። ቡና የሚጭነው አይሱዙ፣ ሰው የሚያመላልሰው ሚኒባስ፣ የመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕና ባጃጁ ሁሉ ጭቃ ለብሶ ይደርሳል። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ፀሐዩ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ላቫጆ ደንበኛ አያጣም።

ዛሬ ያለውን መኪና በወግ መያዝ ከምንጊዜውም ይልቅ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ስለዚህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ቶሎ ከመለወጥ ይልቅ ያለውን መንከባከብ ይመርጣል። የደበዘዘ ቀለም የሚያፈካ ሙያተኛም ይፈለጋል ማለት ነው።

ለመሆኑ ይህ ቅባት ምንድን ነው? በዕቃ መሸጫ ሱቆች «ክሊነር ዋክስ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ይገኛል፤ ብዙ ሰው ግን በደፈናው ፖሊሽ ይለዋል። በውስጡ የሞተውን የቀለም ገጽና እድፉን በስሱ የሚፍቅ ማጽጃ አለ፤ ቀጥሎ ገጹን ሸፍኖ ከውሃና ከፀሐይ የሚከላከል ሰም አለ። በደንቡ እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አስቀድሞ ይፈገፈጋል፣ ከዚያ ሰም ይቀባል። በእጅ ብቻ ሲሠራም ይኸው ቀኑን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል። ባለ አንድ ጊዜው ቅባት ሁለቱን ያጣምራል። በእርግጥ መከላከያው ለብቻው እንደተቀባ ሰም አይከርምም፤ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ቢቆይ ነው። ለዕለት ሥራ ለሚሮጥ መኪና ግን ይበቃዋል።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ከባድ አይደለም። መኪናው በጥላ ሥር ይቁም፤ ላሜራውም ሲዳስሱት ቀዝቃዛ ይሁን። በመጀመሪያ ጭቃው በብዙ ውሃ ተለቅቆ ይውረድ። ደረቅ ጭቃ በጨርቅ መጥረግ ቀለሙን በአሸዋ መፋቅ ነውና። ሁለት ባልዲ ያዘጋጁ፤ አንዱ ለሳሙናው፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቅ። መኪናው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ቅባቱን በማይታይ ጥግ ላይ ይሞክሩ። ከዚያም በስፖንጅ ጥቂት ጥቂት እየወሰዱ ኮፈኑን፣ ጣሪያውንና በሮቹን በየተራ ይሥሩ። ሲደርቅ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ይወልውሉ። ጥቁር ፕላስቲክና ጎማ ላይ እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ ነጭ እድፍ ይተዋል። መሬት የወደቀ ጨርቅ ሳይታጠብ ወደ ቀለም አይመለስ። ለባለቤቱም በዱቄት ሳሙና ደጋግሞ ማጠብ ሰሙን ቶሎ እንደሚያነሣው ይንገሩት።

ቅባቱ የማይችለውንም ማወቅ ይገባል። ጥፍር የሚይዘው ጭረት በቅባት አይጠፋም። ላዩ የተላጠ ቀለምና ዝገትም የቀለም ቀቢ ሥራ ናቸው። ይህን ሥራው ሳይጀመር ለባለ መኪናው ማሳየትና መናገር ክብር እንጂ ውርደት አይደለም። «አዲስ አደርገዋለሁ» ብላ የተቀበለች ሙያተኛ ማምሻውን የምታተርፈው ክርክር ነው።

የማር አገር ሰው ሰም እያለን ስለምን እንገዛለን? ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጠጅ የምትጥል እናት ሰፈፉን አንጥራ ሰም ማውጣትን ታውቃለች። የንብ ሰም ለጧፍ፣ ለጫማና ለእንጨት ዕቃ ድንቅ ነው። ሆኖም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ስለሚቀልጥ በፀሐይ የጋለ ኮፈን ላይ ይለሰልሳል፤ አቧራም ይይዛል። ለመኪና ሰም የሚመረጠው ካርናውባ፣ ከብራዚል የዘንባባ ዛፍ ቅጠል የሚገኘው፣ የሚቀልጠው ከ82 ዲግሪ በላይ ነው። ከሁሉም በላይ ሰምን ከቤንዚን ወይም ከነጭ ጋዝ ጋር ቀላቅሎ እሳት ላይ መጣድ ቤትንና ልጆችን ለቃጠሎ መዳረግ ስለሆነ ፈጽሞ አይሞከር።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ስሌቱን ለማሳየት የተወሰደ ምሳሌ ነው፤ የከተማዎን ዋጋ በቦታው ይተኩ። ግማሽ ሊትር ቅባት በ1,500 ብር ተገዛ እንበል። ለአንድ አነስተኛ አውቶሞቢል 50 ሚሊ ሊትር ቢወጣ ጠርሙሱ 10 መኪና ይሠራል፤ ለአንዱ 150 ብር ደረሰው ማለት ነው። ለሳሙና፣ ለውሃና ለጨርቅ 100 ብር፣ ለቦታ ኪራይ 100 ብር ሲጨመር ወጪው 350 ብር ይሆናል። ደንበኛው 750 ብር ቢከፍል በመቀነቷ 400 ብር ይቀራል። ብዙዎች ይህን ትርፍ ይሉታል።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የሴቲቱ ድካም አልተቆጠረም። ለአንድ ሰዓት ሥራዋ 80 ብር ብታስብ፣ በሦስት ሰዓት ከጨረሰች ደመወዟ 240 ብር ነው፤ እውነተኛው ትርፍ 160 ብር ይሆናል። ያንኑ መኪና ለመፈግፈግ ስድስት ሰዓት ከፈጀች ግን ደመወዟ 480 ብር ሊሆን ይገባው ነበር። መቀነቷ 400 ብር ይዞ እያለ በ80 ብር ከስራለች። ከትምህርት ቤት የተመለሰች ልጇ ባልዲ ስታቀብል ከዋለች ደግሞ ኪሳራው ከጥናቷ ሰዓትም ተቆርጧል። እንግዲህ ባለ አንድ ጊዜው ቅባት የሚያተርፈው ስለሚያብረቀርቅ ብቻ አይደለም፤ ሰዓት ስለሚቆጥብ ነው። የተቆጠበው ሰዓት ካልተቆጠረ ግን ትርፉም አይታይም።

ስለዚህ ሥራውን ይለዩት። ለጭነት መኪና እጥበት ይበቃል። ሰሙ ለቤት አውቶሞቢል፣ ለመሥሪያ ቤት መኪናና በሰርግ ወራት ለሙሽራ መኪና ይሁን። ቀለሙ እጅግ የተጎዳውን ወይ ከፍ ባለ ዋጋ ይቀበሉ፣ ወይ ወደ ቀለም ቀቢ ይላኩ። የእያንዳንዱን መኪና መነሻና መድረሻ ሰዓት በደብተር ይመዝግቡ። ዕቁብ የሚጣለውም ደመወዝዎና ወጪው ከተነሣ በኋላ ከሚቀረው ይሁን።

የውሃውንም ነገር አንርሳ። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከዚህ አገር ጫካ የሚፈልቀውን ምንጭም ከታች ያለው መንደር ይጠጣዋል። መኪና ወንዝ ውስጥ አስገብቶ ማጠብ፣ ዘይትና ሳሙና ወደ ጅረት መልቀቅ ነውር ነው። እጥበቱ ከወንዝ ርቆ፣ ውሃው አሸዋና ጠጠር ወዳለበት ጉድጓድ ይውረድ። ለእጅዎ ጓንት፣ ለእግርዎ ቦቲ አይለይዎት።

ባለ መኪናው የሚያየው ፊቱን እንደ መስተዋት የሚያሳየውን ኮፈን ነው። እርስዎ ግን ማታ ደብተርዎን ይግለጡ። የእርስዎ ድካም በተራው ተጽፎ ዋጋውን ካገኘ፣ ሥራው ቤትዎን ያቆማል፤ ካልተጻፈ ግን ሌላ ደመወዝ የሌለው የጓዳ ሥራ መንገድ ዳር ከፍተዋል ማለት ነው።